ጄምስ ብሩስ፤ ዓባይን አይቶ ምስክሩን የሰወረ ተጓዥ

ዓባይ ከኢትዮጵያ ምድር የሚሰናበተው በጉባ ነው። ከግሽ ተራራ ሥር በሰከላ እንደ ትንሽ ምንጭ የሚነሣው ውሃ ጣናን አቋርጦ፥ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ፥ በመጨረሻ በመተከል ቈላ ጉባን አልፎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሠራውም በዚሁ በጉባ ወረዳ ነው። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ስለዚህ ግድብ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ አንድ የአሶሳ ተማሪ በቅርቡ ደብተሩን ገልጦ አሳየን። በገጹ ላይ 5,250፥ 6,000፥ 6,450 እና 5,150 የሚሉ አራት ቍጥሮች ተጽፈዋል። ሁሉም ግድቡ ያመነጫል የተባለው የኤሌክትሪክ ኀይል በሜጋ ዋት ሲቈጠር ነው። ወጣቱም ከአራቱ ሐሰተኛው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀን። እኛ ግን አንዱንም ሐሰተኛ ልንለው አልቻልንም። ሥራው ሲጀመር የታቀደው 5,250 ነበረ፤ ንድፉ ሲሻሻል ወደ 6,000 ከፍ አለ፤ በኋላም 6,450 ተባለ፤ በመጨረሻም የተርባይኖቹ ብዛት ተቀንሶ 5,150 ሆነ። እያንዳንዱ ቍጥር በየጊዜው በሥራ ላይ የነበረ ቍጥር ነው። የወጣቱ ጥፋት ቍጥሩን ሲጽፍ ማን እንደ ተናገረውና መቼ እንደ ተነገረ አለመጻፉ ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ ጥፋት ንጹሓን አይደለንም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ዓባይ አንድ የጥናት ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። የወንዙን ምንጭ ከአውሮፓውያን መጀመሪያ ያየው ጄምስ ብሩስ ነው ብለን ያለ ፍርሃት ጻፍን። ምንጫችን ጸሐፊው የማይታወቅ፥ ቀንም ያልተጻፈበት፥ በስልካችን ያገኘነው አንድ ገጽ ነበረ። መምህራችን ከዓረፍተ ነገሩ አጠገብ በቀይ ቀለም አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ አኑረው ወረቀቱን መለሱልን። ያ የጥያቄ ምልክት ወደ ቤተ መጻሕፍት አስገባን፤ በዚያም ስለ ምንጭ ማጥናትና ስለ ምስክር መጥቀስ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ የሚያስተምር የአንድ ሰው ሕይወት አገኘን። ይህንኑ ሕይወት ዛሬ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ልናካፍል ወደድን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ጄምስ ብሩስ በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። አባቱ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ወደ ሃሮ ትምህርት ቤት ላከው፤ ኋላም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲያጠና አደረገው። ልጁ ግን ለሕግ መጽሐፍ ልቡ አልቀናም፤ ፈረስ መጋለብንና አደንን ይወድ ነበር። ሲያድግም ቁመቱ እጅግ ረጅም፥ ጠጕሩ ቀይ፥ በራሱ የሚመካና ለቍጣ የሚቸኩል ሰው ሆነ። ይህን ጠባዩን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ፊት ለሚመጣው ነገር ሁሉ ቍልፉ እርሱ ነው።

በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ነገር ግን ወጣቷ ሚስቱ በዚያው ዓመት በፓሪስ ሞተች። ሐዘኑን ለመርሳት ወደ ስፔንና ወደ ፖርቱጋል ተጓዘ፤ በዚያም የዐረብኛ መጻሕፍት ልቡን ሳቡት፤ ዐረብኛንም ተማረ። ቀጥሎም ወደ ግእዝ ፊቱን መለሰ። በዚያን ዘመን ግእዝ ለመማር የሚፈልግ አውሮፓዊ የሚመራው በጀርመናዊው ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ነበረ።

ስለ ሉዶልፍ ጥቂት ሳንናገር ልናልፍ አይገባንም። ይህ ሊቅ በ1624 ተወልዶ በ1704 የሞተ ሲሆን፥ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ታላቅ መጽሐፍ በ1681 ያሳተመ ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያን አንድ ቀን እንኳ በእግሩ አልረገጠም። ዕውቀቱን ያገኘው በ1649 በሮም ከተማ ካገኛቸው ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ኋላም አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄዱ፤ በዚያም ስለ አገራቸው ቋንቋ፥ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ስለ ወንዞቹ አስተማሩት። ሉዶልፍ ይህን አልሰወረም። መምህሩን በስማቸው ጠራ፤ መልካቸውንም በሥዕል አሳተመ፤ ከእርሳቸው የሰማውንና ከፖርቱጋሎች መጽሐፍ ያነበበውን ለይቶ አሳየ። ስለዚህ አገሩን ያላየው ሰው ታመነ። ብሩስ ደግሞ አገሩን አይቶ ሳይታመን የቀረበት ምክንያት ከዚህ በታች ይገለጻል።

ብሩስ በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ዋና ቆንስል ሆኖ ተሾመ። ሥራው በክርክርና በጭቅጭቅ የተሞላ ስለ ነበረ ብዙ ዓመት አልቈየበትም። በዚህ ጊዜ ከቦሎኛ ከተማ የመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት ኢጣልያዊ ሠዓሊ ቀጠረ። ሁለቱ በሰሜን አፍሪቃ የሚገኙትን የጥንት ሮማውያን ፍርስራሾች እየዞሩ ሣሉ። በሊቢያ ጠረፍ መርከባቸው ተሰብራ ብሩስ በዋና ከሞት አመለጠ። ከዚያም ወደ ሶርያ ሄደ፤ ጥቂት የሕክምና ዕውቀትም አገኘ፤ በ1768 ግብጽ ገባ።

ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ምጽዋ የደረሰው በሴፕቴምበር 1769 ነው። አክሱምን አይቶ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770 ጎንደር ገባ። የገባበት ጊዜ የመሳፍንት ዘመን የጀመረበት፥ ራስ ሚካኤል ስሑል ነገሥታትን የሚያነሡበትና የሚጥሉበት ነበረ፤ በዙፋኑ ላይ የነበሩትም ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ናቸው። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ተጠየቀ። መስኮትና በር አስከፍቶ፥ ክፍሉን አሳጥቦ፥ ንጹሕ አየር አስገብቶ አስታመማቸው። ከዚያ በኋላ ያዕቆብ እየተባለ በቤተ መንግሥት ታወቀ፤ የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴርም ደገፉት። ሕክምናው፥ የፈረስ ግልቢያውና የጠመንጃ ተኩሱ መግቢያ ሆኑለት።

የመጣበትን ነገር ግን አልረሳም። የመጀመሪያው ሙከራው በጦርነት ምክንያት ተሰናከለ፤ ጢስ ዓባይን ብቻ አይቶ ተመለሰ። በዚያው ዓመት እንደ ገና ተነሣ፤ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። የምንጩ አገልጋይ የነበረውን የአገሩን ሽማግሌ ክፍለ ዓባይን አግኝቶ አገው ለዚያ ውሃ ስለሚያደርገው ሥርዐት ጠየቀው፤ ስሙንም በመጽሐፉ አኖረው። ምንጮቹን ለካ፥ ከፍታውንና የቦታውን አቀማመጥ በመሣሪያ መረመረ። በያዘው የኮኮነት ቅርፊት ውሃ ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ጤና ጠጣ። ደስታውም ሳይውል ሳያድር ወደ ትካዜ ተለወጠ፤ የመመለሻው መንገድ ሩቅና አስፈሪ ነበረና።

በዚያ ጉዞ አብሮት የነበረው ሠዓሊ ባሉጋኒ ወደ ጎንደር ተመልሶ በ1771 ሞተ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከሠላሳ አራት ዓመት አይበልጥም ነበር። ብሩስ ግን ጎንደር ቈይቶ የሰርባኵሳን ጦርነት አየ፤ የራስ ሚካኤልን መውደቅ አየ፤ በዲሴምበር 1771 መጨረሻ አገሩን ለቆ ወጣ።

አሁን ወደ ጉባ እንመለስ። ብሩስ የዓባይን ራስ በግሽ አይቷል። ከጎንደር ሲወጣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ምዕራብ አልወረደም፤ በመተማ በኩል አድርጎ ወደ ስናር ሄደ፤ በዚያም ዓባይን እንደ ገና አገኘው። እንግዲህ የወንዙን ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል አየ ማለት ነው። መካከሉን፥ ማለት የጎጃምን ሸለቆ፥ የመተከልን ቈላና ጉባን፥ አላየም። ስለዚህ መካከል ያለው የእርሱ ዕውቀት ከሰው የተሰማ ነበረ። በካርታ ላይ ሲሣል ግን የታየውም የተሰማውም ወንዝ በአንድ ዐይነት ቀለም ይሣላል፤ አንባቢውም የትኛው ዳርቻ በዐይን እንደ ታየና የትኛው በጆሮ እንደ ተሰማ ካልተነገረው በቀር አይለየውም። የተማሪ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። የታየውና የተሰማው በአንድ ዐይነት ቃል ከተጻፈ መለያው ማስታወሻው ብቻ ነው።

ከስናር ወደ ሰሜን ያለው መንገድ ብሩስን ሊገድለው ጥቂት ቀረው። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁ፤ መሣሪያውንና ወረቀቶቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ሄደ። በኖቬምበር 1772 አስዋን ደረሰ። እዚያም ሳያርፍ ሰውና ግመል ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የጣለውንም ወረቀት አገኘ። በእኛ አስተሳሰብ በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ታላቁ ይህ ነው። የዕለት ማስታወሻውና ከኢትዮጵያ የያዛቸው የብራና መጻሕፍት ባይተርፉ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

ፓሪስ ሲደርስ ሊቃውንቱ በክብር ተቀበሉት። በአውሮፓ ጠፋ ሲባል የኖረውን የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1774 ለንደን ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ሁሉም ሊሰማው ተሰበሰበ፤ ኋላ ሁሉም ይስቅበት ጀመር። በተለይ ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውና አንዳንዴም ሥጋው በሕይወት ካለ ከብት ላይ ተቈርጦ ይበላል ያለው መሳለቂያ አደረገው። በአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ደጃፍ ለቆመ ሰው ጥሬ ሥጋ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ የለንደን ሰው ግን በራሱ ማዕድ ያላየውን ነገር በዓለም ላይ የለም አለ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አንድ ወሬ ለእኛ እንግዳ መሆኑ ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ለእኛ የሚጥም መሆኑም እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የሚያስፈልገው ሁለተኛ ምስክር ነው።

ካልተቀበሉት ሰዎች አንዱ በዘመኑ በእንግሊዝ አገር እጅግ የተከበረው ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ነበረ። ጆንሰን በወጣትነቱ፥ በ1735፥ ዤሮኒሞ ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ሚስዮናዊ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳትሞ ነበር። ስለዚህ የብሩስን ቃል በሎቦ ቃል መዘነው፤ አልረካበትምም። ብሩስም ተቈጥቶ ወደ ርስቱ ገባ። በ1776 ዳግመኛ አገባ፤ ርስቱን አለማ፤ የድንጋይ ከሰሉን አስቈፈረ፤ መጽሐፍ ግን አልጻፈም። ሁለተኛዋ ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ወዳጆቹ ሐዘኑን በሥራ እንዲረሳ መከሩት፤ ያን ጊዜ መጻፍ ጀመረ። አምስቱ ታላላቅ መጻሕፍት በ1790 ታተሙ። ግሽን ካየ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብሩስ ብዙውን ነገር ከትዝታው እየተናገረ በጸሐፊ አስጻፈ፤ ከአስዋን በረሃ በነፍሱ ተወራርዶ ያመጣውን የዕለት ማስታወሻ ግን በየገጹ እየገለጠ አላመሳከረም። ስለዚህ ቀኖች ተዛነፉ፤ የሁለት ጊዜ ነገር በአንድ ቀን ተተረከ። አንባቢ ስሕተቱን ባገኘ ቍጥር እውነቱንም አብሮ ጣለው።

ሁለተኛው ጥፋት የከፋ ነበረ። ከአውሮፓውያን ወገን የዓባይን ምንጭ ማየቱ በጽሑፍ የተመሰከረለት የመጀመሪያው ሰው ብሩስ አልነበረም። ከእርሱ አንድ መቶ ኀምሳ ሁለት ዓመት በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ተወላጅ ሚስዮናዊ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ አፕሪል 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቷል፤ ያየውንም ጽፏል። የፓኤዝ ጽሑፍ በሙሉ የታተመው በ1905 እና በ1906 በሮም ነው። ስለ ምንጩ የተናገረው ቃል ግን አታናስዮስ ኪርኸር በ1652 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ነበርና ብሩስ ዐውቆታል። ዐውቆም አልተቀበለውም፤ ቃሉ የፓኤዝ አይደለም፥ በኋላ የገባ ነው ብሎ ብዙ ገጽ ተከራከረ። ሎቦንም እንዲሁ ሐሰተኛ አደረገው። ክብሩን ከማንም ጋር ሊካፈል አልወደደም። ይህን ያደረገው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ክፍለ ዓባይንና አባቶቹን እንደ ጠየቀ እናስታውስ፤ ለአገው ሕዝብ ምንጩ ከቶ ጠፍቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ጥፋት በአጠገቡ በነበረው ሰው ላይ የተሠራ ነው። በመጽሐፉ የግሽ ጉዞ ውስጥ ባሉጋኒ የለም፤ የሞተበት ጊዜም ከእውነተኛው ቀን ቀድሞ ተነግሯል። የወጣቱ ሠዓሊ እጅ የሠራቸው የዕፀዋትና የእንስሳት ሥዕሎች ስሙ ሳይጠራ የብሩስ ሥራ መስለው ታዩ። እንግዲህ ብሩስን ምን ጐዳው ቢባል፥ ለንደን ውስጥ ለሚስቁበት ሰዎች፥ ይኸው ከእኔ ጋር ቆሞ ያየ ሰው በየቀኑ የጻፈው ማስታወሻ ብሎ ሊያሳይ የሚችለውን ምስክር ራሱ በገዛ እጁ ቀበረው። ብቻውን ሊከበር ብሎ ብቻውን ቀረ።

ብሩስ አፕሪል 27 ቀን 1794 በቤቱ ሞተ። አንዲትን እንግዳ እመቤት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲቸኩል ከደረጃው ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም። የኑብያን በረሃና የሰርባኵሳን ጦርነት ያመለጠ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መጽሐፉን ልብ ወለድ ነው ይል ነበር።

ያስታረቀው ወረቀቱ ነው። አሌክሳንደር መሪ የተባለ የእረኛ ልጅ፥ በራሱ ጥረት ብዙ ቋንቋ የተማረ ስኮትላንዳዊ፥ የብሩስን ሣጥኖች ገልጦ ማስታወሻዎቹንና ደብዳቤዎቹን አነበበ፤ በ1805 ሁለተኛውን እትም ከማስረጃው ጋር አወጣ። ባሉጋኒም ከነማስታወሻው ወደ ብርሃን ወጣ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ተገለጠ፤ አንደኛ፥ ብሩስ በብዙ ነገር እውነተኛ እንደ ነበረ፤ ሁለተኛ፥ በጥቂት ነገር እንደ ሸሸገ። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊም ከዚያ በኋላ ወደ ትግራይ ሁለት ጊዜ መጥቶ አንዳንዱን የብሩስ ቃል አጸና፥ አንዳንዱን ተጠራጠረ። ከብራናዎቹ አንዱን፥ መጽሐፈ ሄኖክን፥ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመ፤ የብሩስ ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ምስክሩ ሲቀርብ ሳቁ ቆመ።

በካርታው መካከል የቀረው ክፍተትም ቢሆን ሳይሞላ አልቀረም። ሮበርት ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ሲኖር የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ጐዳና በእግርና በበቅሎ እየተከተለ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ለካ፤ ጉባንም አየ። መጽሐፉን በ1936 ሲያሳትም ቀድሞ በካርታ ላይ በነጠብጣብ ይመለከት የነበረው የወንዙ መንገድ በዐይን ምስክር ተጻፈ።

ጉባን በተመለከተ ግን ገና ያልተመረመረ ሌላ ነገር አለ። ብሩስ ስለ ቈላው ሕዝብ ብዙ ጽፏል። ሕዝቡን የጠራው ግን ራሳቸው በማይቀበሉት፥ ሌሎች በንቀት ባወጡላቸው ስም ነው። ያነጋገራቸውም ሰዎች በአብዛኛው ደገኞች፥ ከእነርሱም ወገን ቈላውን ለባሪያ አደን የሚወርዱበት ነበሩ። የታደነው ስለ ራሱ የተናገረው ቃል በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ዛሬ የጉሙዝ፥ የበርታ፥ የሺናሻ፥ የማኦ ወይም የኮሞ ልጅ የሆነ ተማሪ ያን ገጽ ሲያነብ፥ ይህን ማን ተናገረ፥ ከየትኛው ወገን ቆሞ ተናገረ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ኢጣልያዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ ቤላ ሻንጉል በ1981 ያሳተመውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ከአገሩ ሽማግሌዎች ቃል ሰብስቧል። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፤ የጉባ ሽማግሌም እንደ ቦድሊ ብራና የሚጠቀስ ምንጭ ነው፤ ፈቃዱ ተጠይቆ፥ ስሙ፥ ቦታውና ቀኑ ከተጻፈ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለዕለት ሥራችን የምናወጣው ምንድን ነው? ባለፈው ዘመን ብሩስን ለማንበብ ለንደን ወይም አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የ1790 እትም አምስቱም ክፍሎች በፎቶግራፍ ተገልብጠው በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ፤ በአሶሳም በማንኩሽም ያለ ተማሪ በስልኩ ሊከፍታቸው ይችላል። ስለዚህ ብሩስ እንዲህ አለ የሚል ሦስተኛ ሰው ከመጥቀስ ራሱን ብሩስን ከፍቶ ማየት ይሻላል። ሲጠቅሱም የ1790 እትም ይሁን የ1805፥ ክፍሉንና ገጹን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ እትሞች አንድ አይደሉምና። በኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ የተገኘ ነገር የመነሻ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ከገጹ ግርጌ ያሉትን ማስታወሻዎች ተከትሎ እስከ ምስክሩ መሄድ ይገባል። ጥያቄ ሲያቀርቡለት በሰኮንድ ውስጥ የሚመልሰው አዲሱ የኮምፒዩተር መሣሪያም ቢሆን ያልተጻፈ መጽሐፍ በእውነተኛ ሰው ስም ሲጠቅስ ይገኛል፤ የሰጠውን የመጽሐፍ ስም በቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሳይፈልጉ መቀበል ብሩስ ከትዝታው እንደ ጻፈው መጻፍ ነው።

በአዲስ አበባ የሚገኝ ወጣት ደግሞ በእጁ ያለውን ሀብት ይወቅ። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት በስድስት ኪሎ ይገኛል፤ ወመዘክርም የአገሪቱን መጻሕፍትና መዛግብት ይጠብቃል። ወደ እነዚህ ስፍራዎች መጽሐፍ ፍለጋ ብቻ አይኬድም፤ የመጽሐፉን ስም እንኳ የማያውቅ ሰው ባለሙያዎቹን ቢጠይቅ ወደማያውቀው መደርደሪያ ይመሩታል። የዘመኑን ቍጥር የሚፈልግ ሰው ደግሞ፥ እንደ ግድቡ ያለውን፥ ቍጥሩን ያወጣውን መሥሪያ ቤት፥ የወጣበትን ቀንና ራሱ ያነበበበትን ቀን አብሮ ይመዝግብ። በኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ዛሬ እንዳለ ነገ ላይገኝ ይችላል፤ ቀኑ የተጻፈ ማስታወሻ ግን ይኖራል።

ይህ ነገር የማርክ ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እኛ ግን ከዚያ ይሰፋል እንላለን። ስለ ዓባይ በዓለም ፊት የሚደረገው ክርክር የተጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ግድቡ ስለ ተመረቀም አያበቃም። ነገ በዚያ ክርክር የሚቀመጡት ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉትና በየመሥሪያ ቤቱ ዘገባ የሚያዘጋጁት ወጣቶች ናቸው። እውነት ይዘው ምስክር ሳይዙ ቢቀርቡ፥ እውነት ይዞ ለንደን እንደ ገባው ሰው ይሳቅባቸዋል። ምስክራቸውን በስሙ ጠርተው ቢቀርቡ ግን አገሩን ሳያይ የታመነው የሉዶልፍ ዕድል ለእነርሱም ይሆናል፤ እነርሱ ደግሞ አገሩን አይተዋል።

የአሶሳው ተማሪ ደብተሩን መልሶ ወሰደ። ከአራቱ ቍጥሮች አንዱንም አልሰረዘም፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ቀኑንና የተናገረውን ለመሙላት ባዶ መስመር አሰመረ። ጽሑፉ ሲያልቅ ሊያሳየን ቃል ገብቷል፤ እኛም የባሉጋኒን ስም በእርሳችን ማስታወሻ ላይ በደማቁ ጽፈን እንጠብቀዋለን።